ኪስሽ ውስጥ ያለው ነው ያንቺ፦ ለትንሽ አውሮፕላን ፓይለት የሚሆን የኪስ ሰርቫይቫል ኪት

አብሽሪ ልጄ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል፣ ለምን መሰለሽ፣ ብዙ ፓይለት ይሄን ነገር የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ከደረሰበት ወይ ጓደኛው ላይ ሲደርስ ካየ በኋላ ነው፣ አንቺ ግን ሥራ ሳትጀምሪ ጠየቅሽ። ሌሎችም ስለሚያነቡት ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው፦ የደሴ ልጅ ነሽ፣ ላይሰንስ ከያዝሽ ዓመት አልሞላሽም፣ ሴስና 172 በምትባል ትንሽ አውሮፕላን ላይ የዳሰሳ በረራ ልትጀምሪ ነው፣ መነሻችሁ ኮምቦልቻ ሆኖ አንዳንዴ በባቲ አድርጋችሁ ወደ አፋር ትወርዳላችሁ፣ አንዳንዴ ደሞ በአምባሰል በኩል ወደ ላሊበላ ትሄዳላችሁ። ቪዲዮ ላይ የከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ መንጠቆ፣ ሻማ፣ ኮምፓስ ምናምን ጠቅጥቀው ሲያሳዩ አይተሽ «ይሄ ለኛ አገር ይሆናል ወይ፣ ምን ልያዝ፣ ምን ልተው፣ አጠገቤ ለሚቀመጠው ሰውስ?» ነው ያልሽኝ።

እኔ ፓይለት አይደለሁም። ለ19 ዓመት ሥራዬ ፓይለቶች የሚይዙትን የሰርቫይቫል ዕቃ፣ ማለትም ከአደጋ በኋላ በሕይወት የሚያቆያቸውን ዕቃ፣ መፈተሽ፣ ማጠፍ፣ ጊዜው ያለፈበትን አውጥቶ መጣል፣ ከዛ ልጆቹን ተራራ ላይ ይዞ ማሳደር ነበር። ስለዚ የምነግርሽ በእጄ ያለፈውን ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንግባባ። ኪስሽ ውስጥ ያለው ነው ያንቺ፣ ከመቀመጫሽ ኋላ ያለው ቦርሳ የአውሮፕላኑ ነው። አውሮፕላኑ ከተቃጠለ አብሮ ይቃጠላል፣ ከሰመጠ አብሮ ይሰምጣል። የማውቀው አንድ ፓይለት ሞተር ጠፍቶበት ደጋ ላይ የታረሰ ማሳ ውስጥ አሳርፏት፣ የፊት ጎማዋ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ተገለበጠች፣ ልጁ ቀበቶው ላይ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ቀረ። ቦርሳው እዛው ከኋላው ነበር፣ ውስጡ ብርድ ልብስ አለ፣ ውሃ አለ፣ ባትሪ አለ፣ ሁሉም ነገር በሥርዓት የተያዘ። ግን ቤንዚን ከክንፉ ጠብ ጠብ ይላል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል፣ እንደምንም ቀበቶውን ፈቶ በመስኮት ወጣና ሮጠ፣ ማን ተመልሶ ቦርሳ ይፈልጋል? ሰዓቱ ከቀኑ ወደ 11 ሰዓት ነው፣ ዝናብ ጀምሯል፣ ስልኩ ዳሽቦርዱ ላይ ተሰክቶ ቀርቷል። ኪሱ ውስጥ የነበረው የቤት ቁልፍና ዋሌት ብቻ። የአገሬው ሰው ጋቢ ይዞ ባይደርስለት ያን ሌሊት አያልፈውም ነበር። በኋላ ሲያጫውተኝ «ዕቃዬን ሃያ ሜትር ላይ እያየሁት በብርድ ልሞት ነበር» ነው ያለኝ፣ ይሄን ቃሉን ለተማሪ ሳልነግር ቀርቼ አላውቅም።

ይሄ ደሞ አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ፓይለትና ደራሲ ሴንት ኤግዙፔሪ እ.ኤ.አ. በ1935 መጨረሻ ከሜካኒኩ ከፕሬቮ ጋር ከፓሪስ ወደ ሳይጎን ሲበሩ የግብጽና የሊቢያ በረሃ ላይ ወደቁ፣ ሁለቱም ከአደጋው ተረፉ፣ የውሃ ታንኩ ግን ሲመቱ ፈንድቶ ውሃውን አሸዋው ጠጣው። የተረፋቸው በተሰበረ ፔርሙዝ ውስጥ ያለች ትንሽ ቡናና ወይን፣ ጥቂት ፍሬ ነገር ብቻ ነበር፣ ቀናት በጥማት ተንገላተው መጨረሻ ላይ ያገኛቸው በግመል የሚሄድ ቤዱዊን ነው። ስለ ሰው ኋላ እመለስበታለሁ፣ ላንቺ መስመር በጣም አስፈላጊ ነውና።

አሁን ስለ ቆርቆሮው። መንጠቆው ከየት እንደመጣ ልንገርሽ፣ የአሜሪካዋ የአላስካ ግዛት ሕግ ራሱ እዛ የሚበር ሰው የዓሣ ማጥመጃ፣ መጥረቢያ፣ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሳምንት ምግብ ይያዝ ሲል ኖሯል፣ ምክንያቱም እዛ ስትወድቂ ሰው ሳታዪ ሳምንት ልትቆዪ ትችያለሽ፣ ሐይቅና ወንዝ ደሞ በየቦታው አለ። አንቺ ደላንታ ሜዳ ላይ ወይ ባቲ ቁልቁለት ላይ በመንጠቆ ምን ታደርጊያለሽ? መንጠቆውን አውጪው። ሻማዋንም። ቆርቆሮውንም ራሱ እኔ አልወደውም፣ ምክንያቱን ላሳይሽ። አንዴ አንድ ተማሪ በጣም የለፋበት ቆርቆሮ ይዞ መጣ፣ ውሃ እንዳይገባ ዙሪያውን በጥቁር ናስትሮ አራት አምስት ዙር ጠቅልሎታል። እሺ ቀኝ እጅህ ተሰብሯል ብዬ እጁን ቀበቶው ውስጥ አስገባሁትና ክፈት አልኩት። በግራው ጥፍር የናስትሮውን ጫፍ ይፈልጋል፣ ጫፉ ተጣብቆ ጠፍቷል፣ በጥርሱ ሞከረ፣ ጉልበቱ መሃል አስገብቶ ሞከረ፣ መጨረሻ ተከፈተ ሲባል ክዳኑ ተስፈንጥሮ ዕቃው ሁሉ ሳሩ ውስጥ ተበተነ፣ መርፌዋን እስከዛሬ አላገኘናትም። ፀሐይ ላይ፣ ደረቅ መሬት ላይ፣ ሳይደነግጥ ነው ይሄ እንግዲህ። ስለዚ ቆርቆሮ ሳይሆን ዚፕ ያለው ወፍራም ላስቲክ፣ ላስቲኩ ደሞ በጨርቅ ከረጢት ውስጥ። ናስትሮ የምትጠቀሚ ከሆነ ጫፉን ሁለት ሴንቲ ያህል አጥፈሽ ጆሮ አውጪለት።

ኪሱን ራሱ ከዕቃው አስቀድመሽ አስቢበት። የሴት ሱሪ ኪስ ስልክ እንኳን በወጉ አይይዝም፣ ስለዚ ሸዋ በር ወርደሽ ለልብስ ሰፊ ሰደርያ አሰፊ፣ ከጥጥ ጨርቅ ይሁን፣ ፖሊስተር በእሳት ጊዜ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ ይሄ ለሱሪሽም ለሸሚዝሽም ይሠራል፣ ለበረራ ጥጥ ወይ ሱፍ ነው የሚለበሰው። ኪሶቹ ደረት ላይ ዝቅ ብለው ከትከሻ ቀበቶው መስመር ውጪ ይሁኑ፣ ቀበቶው ጠንካራ ዕቃ ላይ ካረፈ በግጭት ጊዜ የጎድን አጥንትሽን የሚሰብረው የራስሽ ዕቃ ነው። ዚፕ ወይ ቬልክሮ ይኑራቸው። የኋላ ኪስ የለም፣ ትቀመጪበታለሽ። ከዛ እያንዳንዱን ነገር በአንድ ክንድ ሲባጎ ከኪሱ ጋር እሰሪው፣ እጅ ሲደነዝዝ የሚወድቅ ነገር ብዙ ነው፣ ገደል ላይ የወደቀ ነገር ደሞ አይመለስም። ጠቅላላ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ባይደርስ ይመረጣል፣ ከዛ በላይ ከከበደ በሙቀት ቀን አውልቀሽ ከኋላ ወንበር ትሰቅይዋለሽ፣ ያኔ ደሞ የአውሮፕላኑ ሆነ ማለት ነው።

መስመርሽን እስቲ እንየው፣ ምክንያቱም ከኮምቦልቻ የሚነሳ ሰው ሁለት አገር ነው የሚያየው። የኮምቦልቻ ሜዳ ከባህር ጠለል ወደ 1,860 ሜትር አካባቢ ነው። ወደ ምሥራቅ ስትሄጂ ባቲን በ10 ደቂቃ ታልፊያታለሽ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሚሌ አካባቢ ከ500 ሜትር በታች ትሆኛለሽ፣ እዛ ጠላትሽ ሙቀትና ጥማት ነው። ወደ ምዕራብና ሰሜን ከሄድሽ የጦሳን ተራራ አልፈሽ አምባሰል፣ ደላንታ፣ መሬቱ ከ3,000 ሜትር ይሻገራል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል ብለው አስተምረውሻል አይደል? ኮምቦልቻ በሸሚዝ የወጣሽበት 25 ዲግሪ 3,400 ሜትር ላይ 15 ነው፣ ያውም በቀን፣ ሌሊት ደሞ ውርጭ አለ። ዝናብና ነፋስ ጨምሪበት። ሰው ብርድ ሲባል በረዶ ይመስለዋል፣ እርጥብ ልብስ ለብሶ ነፋስ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን በ10 ዲግሪም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይደክማል፣ ሐሳቡ ይደባለቃል፣ ከዛ ራሱን መርዳት ያቅተዋል። ስለዚ የኪስሽ ዕቃ ለሁለቱም መሆን አለበት።

እንግዲህ ዕቃው። ቅደም ተከተሉን የማስቀምጠው አውሮፕላኑ ከቆመ በኋላ በሚያስፈልግሽ ሰዓት ነው።

የመጀመሪያው ደቂቃ መውጣት ነው። የቀበቶ መቁረጫ፣ እንደ መንጠቆ የታጠፈና ስለቱ ወደ ውስጥ የሆነ፣ ተንጠልጥለሽም ቢሆን እጅሽ በሚደርስበት ቦታ ይሁን። እዛው ጋ ትንሽ ሴንጢ፣ ስትከፈት የምትቆለፍ ዓይነት። ቀበቶ ሲፈታ በጭንቅላት መውደቅ አለ፣ አንድ እጅሽን ጣሪያው ላይ ደግፈሽ ነው የምትቆርጪው። ከወጣሽ በኋላ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ሄደሽ ከአውሮፕላኑ ራቂ፣ የቤንዚን ሽታ ባለበት እሳት የሚባል ነገር አታስቢ። በነገራችን ላይ በመንገደኛ አውሮፕላን ስትሄጂ ሴንጢዋንና መቁረጫዋን አውጥተሽ ለካርጎ ሻንጣ ስጪ፣ ፍተሻ ላይ ትወሰድብሻለች፣ ስትመለሺ ደሞ መልሰሽ መክተት እንዳትረሺ፣ ስንቱ ኪስ እንዲህ ባዶ ሆኖ ቀርቷል።

ከዛ ደም። ኪስ ውስጥ ትልቅ የመድኃኒት ሳጥን አይገባም፣ አያስፈልግምም። አንድ ጥቅል ፋሻ፣ ሁለት የታሸገ ጎዝ፣ የራስሽ የዘወትር መድኃኒት ካለ የሁለት ሦስት ቀን፣ የሕመም ማስታገሻ፣ በቃ። ቱርኒኬ (ደም ለማቆም እጅ ወይ እግር ላይ የሚጠብቅ ማሰሪያ) ማግኘት ከቻልሽ ለብቻው በጭን ኪስ ያዥው። ካላገኘሽ ሦስት ጣት ስፋት ያለው ጠንካራ ጨርቅና አንድ እንጨት ይሠራል፣ ከቁስሉ ከአምስት እስከ ሰባት ሴንቲ ከፍ አድርገሽ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ እንጨቱን ደሙ እስኪቆም ማጠንጠን፣ ከዛ ሰዓቱን መጻፍ። ጨርቁን ትንሽ ጠበቅ ብቻ አድርጎ መተው ደሙን ያብሰዋል እንጂ አያቆመውም። ሠርተፊኬት ለመያዝ ሳይሆን እጅሽ እንዲለምደው አንድ ቀን ሥልጠና ውሰጂ።

ቀጥሎ መታየትና መሰማት፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ። አንድ ውድ ነገር ብቻ መግዛት ከቻልሽ ፒኤልቢ ግዢ፣ ሰው በኪሱ የሚይዛት የአደጋ ምልክት ማስተላለፊያ ማለት ነው። መዳፍ የምታህል ናት፣ ስትከፍቻት በ406 ሜጋኸርዝ ለሳተላይት ትልካለች፣ ጂፒኤስ ካላት ቦታሽን በመቶ ሜትር ገደማ ትናገራለች፣ ባትሪዋም ቢያንስ 24 ሰዓት እንድትሠራ ነው የተሠራችው። በስምሽ መመዝገብ አለባት፣ ከመግዛትሽ በፊት ስለ ምዝገባውና ስለ ፈቃዱ ሲቪል አቪዬሽን ጠይቂ። አውሮፕላኑ ላይ ኢኤልቲ፣ ሲጋጭ በራሱ የአደጋ ምልክት የሚልከው መሣሪያ፣ አለ አይደል ትይኝ ይሆናል። አለ፣ ግን በግጭት የአንቴናው ገመድ ሊበጠስ ይችላል፣ አውሮፕላኑ ከተገለበጠ አንቴናው ከሥር ይቀበራል፣ እሳት ከተነሳ ደሞ የለም። የምትበሪባት አውሮፕላን ኢኤልቲ 121.5 ሜጋኸርዝ ላይ ብቻ የሚልክ አሮጌ ከሆነ ጭራሽ ሳተላይት አይሰማውም፣ ሳተላይቶቹ እ.ኤ.አ. ከ2009 መጀመሪያ ጀምሮ 121.5ን መስማት አቁመዋል፣ ያቺን የሚሰማት በአካባቢው የሚያልፍ አውሮፕላን ወይ በቅርብ የሚያዳምጥ የመሬት ጣቢያ ብቻ ነው። ስለዚ የትኛው እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቂ። ፒኤልቢዋን ስታበሪ ሰማይ ገላጣ ቦታ ላይ፣ አንቴናዋ ወደ ላይ፣ ገደል ሥር ሆነሽ አይደለም።

ፒኤልቢ መግዛት ካልቻልሽ ተስፋ አትቁረጪ፣ ፊሽካና መስታወት አለ። ፊሽካ ውስጧ ኳስ የሌላት ትሁን፣ ኳስ ያላት ምራቅ ሲገባባት ትታፈናለች። ሦስት ጊዜ ንፊ፣ አዳምጪ፣ ደግሞ ሦስት። ድምፅሽ በአንድ ሰዓት ጩኸት ይዘጋል፣ ፊሽካ ግን ቀኑን ሙሉ ትነፋለች፣ እረኛ ያለበት አገር ደሞ ነው። መስታወቷ የማይሰበር ላስቲክ ወይ የተወለወለ ብረት ትሁን፣ የክሬዲት ካርድ ያህል። አያያዟን እቤትሽ በረንዳ ላይ ተለማመጂ፦ መስታወቷን ዓይንሽ አጠገብ ያዥ፣ ሌላውን እጅሽን ዘርግተሽ ሁለት ጣት ክፈቺ፣ አውሮፕላኑን ወይ የሩቁን መንደር በጣቶችሽ መሃል አስገቢው፣ የፀሐዩን ነጸብራቅ ጣቶችሽ ላይ አሳርፊና ቀስ እያደረግሽ አወዛውዢ። ፀሐይ ባለበት ቀን ይሄ ብልጭታ ከብዙ ኪሎ ሜትር ይታያል፣ የኛ ተራሮች ደሞ ፊት ለፊት የሚተያዩ ናቸው፣ ማዶ ያለው ገበሬ ከአውሮፕላን ቀድሞ ሊያይሽ ይችላል።

ከላይ ለሚፈልግሽ ፓይለት መሬት ላይ የሚጻፈውን ታውቂዋለሽ፣ ቪ ፊደል እርዳታ እፈልጋለሁ ነው፣ ኤክስ ሐኪም እፈልጋለሁ፣ ቀስት በዚህ ሄጃለሁ፣ ርዝመቱ ቢያንስ 2.5 ሜትር፣ እኔ ግን እጥፍ አድርጊው እላለሁ። አረንጓዴ ማሳ ላይ ነጭ ነጠላ ተዘርግቶ በጣም ይታያል፣ ድንጋይና ጭንጫ ላይ ደሞ ብርቱካን ቀለም ይሻላል። ያየሽ አውሮፕላን በቀን ክንፉን ያወዛውዛል።

ስልክሽ ዳሽቦርድ ላይ ሳይሆን ኪስሽ ውስጥ ይሁን፣ ከኋላ ገመድ ይኑረው። ኔትወርክ ባይኖርም ጂፒኤሱ ይሠራል፣ ስለዚ የመስመርሽን ካርታ አስቀድመሽ አውርጂ። ጥሪ ባይወጣም መልዕክት ሊወጣ ይችላል፣ ቁጥሮቹንና የት እንዳለሽ ጽፈሽ ላኪና ተዪው፣ ኔትወርክ ፈልጊ እያልሽ ባትሪውን አትጨርሺ። ስልኩ ቢሰበርስ? የሦስት ሰው ቁጥር በእርሳስ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ላስቲኩ ውስጥ ክተቺ፣ ዛሬ የእናቱን ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ሰው የለም።

አሁን ብርድ። የብር ቀለም ያለው የኢመርጀንሲ ብላንኬት ሲታጠፍ የሲጋራ ፓኮ አያህልም፣ ያዥው፣ ግን ብቻውን አትመኚው፣ በነፋስ ይቀደዳል። ዋናው ትልቅ ወፍራም የቆሻሻ ላስቲክ ነው። ጎኑ ላይ ለፊት የሚሆን ቀዳዳ አውጥተሽ ገብተሽበት ትቀመጫለሽ፣ ዝናብም ነፋስም ይከለክላል፣ ከሥርሽ ሳር ወይ ቅጠል ጎዝጉዢ፣ መሬቱ ነው ሙቀት የሚጠጣው። ለበረሃውም ያው ላስቲክና ብላንኬት ጥላ ይሆኑሻል። ጋቢ እወዳለሁ፣ ደረቅ ሲሆን የሚያህለው የለም፣ ጥጥ ግን ሲረጥብ ሙቀቱን ያጣል፣ የመንዝ ባና ቢሆን እርጥቡም ያሞቃል፣ እነዚህ ግን ከመቀመጫ ኋላ ነው ቦታቸው፣ ከተረፉ እሰየው።

እሳትን በተመለከተ ላይተር ይዣለሁ ብለሽ አትተኚ። ጉጉፍቱ ላይ አራት ልጆች ይዤ አድሬ ነበር፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን ሳሩ ውርጭ ይዞ ነጭ ሆኗል፣ እሳት አንድዱ አልኳቸው። የአንዱ ላይተር ያቺ ጠቅ የምትለዋ ናት፣ ጠቅ ጠቅ ትላለች እንጂ ነበልባል የላትም። የሌላኛው ባለ ድንጋይዋ ናት፣ ብልጭታ አላት፣ ጋዙ ግን አልወጣም አለ። የልጁ አውራ ጣት ደንዝዞ ጎማዋን መግፋት ሲያቅተው በሁለት እጁ ይዞ በመዳፉ ሲፈትጋት አሁንም ይታየኛል። ላይተሯን ብብትህ ውስጥ አስገባ አልኩት፣ ትንሽ ከሞቀች በኋላ አንዴ ስትመታ በራች። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ የላይተር ጋዝ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ወደ እንፋሎት መቀየሩን ያቆማል፣ ጠቅ የምትለዋ ደሞ ከፍታ ላይ ስትቸገር ነው ያየኋት። ስለዚ ባለ ድንጋይዋን ያዥ፣ ከውስጥ ልብስሽ አጠገብ፣ ከሷ ጋር በብረት ሲፋቅ ብልጭታ የሚረጭ ሮድ፣ ሮዷ ውርጭም ዝናብም አያግዳትም። መለኮሻ ደሞ ከፋርማሲ ጥጥ ግዢ፣ በቫዝሊን እሺው፣ በትንሽ ላስቲክ ጠቅጥቀሽ እሰሪው። አንዷ የጥጥ ድብልብል ስትፈታና ስትበተን ደቂቃዎች ትነዳለች፣ እርጥብ ጭራሮ እስኪይዝ ትጠብቅሻለች። በእሳቱ ጅብም ራቅ ይላል፣ ጭሱም ይታያል።

ውሃ። ኪስ ውሃ አይይዝም፣ ግን ውሃ መያዣ ይይዛል፣ አንድ ሊትር የሚችል የታጠፈ ወፍራም ላስቲክ ክተቺ። ደጋው ላይ ምንጭ አይጠፋም፣ ለሱ የክሎሪን ክኒን በቂ ነው፣ በማሸጊያው ላይ ለስንት ሊትር እንደሆነ አንብቢ፣ ዓይነቱ ይለያያል፣ ለጀሪካን የተሠራውን ለአንድ ሊትር ከጨመርሽ አይጠጣም። ውሃው ድፍርስ ከሆነ አስቀድመሽ በነጠላ አጥልይው፣ ክኒኑን ከጨመርሽ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። የምታፈሊ ከሆነ አንድ ነገር አስታውሺ፣ ደሴ ከፍታ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ገደማ ነው የሚፈላው፣ ስለዚ ከ2,000 ሜትር በላይ አንድ ደቂቃ ሳይሆን ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። አፋር በኩል ግን ክኒን ብቻውን አያድንም፣ ውሃ ከሌለ ክኒን ምን ያደርጋል፣ ጨዋማ ውሃንም ጣፋጭ አያደርግም። እዛ ስትበሪ ከኪሱ በተጨማሪ ግማሽ ሊትር ውሃ ወገብሽ ላይ ታጠቂ፣ ወንበር ኋላ ካለው ጀሪካን ሌላ ማለቴ ነው። ፀሐይ ላይ የሚራመድ ሰው በሰዓት እስከ አንድ ሊትር በላብ ያጣል፣ ስለዚ ውሃውን ሳይሆን ላብሽን ቆጥቢ፣ ሲጠማሽ ጠጪ፣ ቀን ጥላ ሥር ሁኚ፣ ሥራ ካለ ሲመሽ። የአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ግን አትቀመጪ፣ ብረቱ ምጣድ ነው የሚሆነው፣ ክንፉ ሥር ያለው ጥላ ይሻላል፣ ያውም ነዳጅ የማይፈስ ከሆነ።

ምግብ ላይ አልዘገይም፣ ሰው ሳይበላ ቀናት ይቆያል። አምስት ስድስት ከረሜላና አንድ ኦአርኤስ ኪስሽ ውስጥ፣ በሶና ቆሎ ቦርሳሽ ውስጥ፣ በቃ።

አንድ ትንሽ የራስ ባትሪ ጨምሪ፣ ሁለት እጅ ነፃ ያደርግልሻል፣ የባትሪ ድንጋዩን ገልብጠሽ ክተቺው፣ በራሱ በርቶ እንዳያልቅ። ጥቂት ሜትር ሲባጎ፣ ሁለት መርፌ ቁልፍ፣ እርሳስ። ኮምፓስ ከፈለግሽ ትንሿን ያዥ፣ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ያንቺ ሥራ መሄድ ሳይሆን አውሮፕላኑ አጠገብ መቆየት ነው፣ ነጭ ክንፍ ከአንድ ሰው ይልቅ ከላይ ይታያል። ፍላይት ፕላን (የበረራ ዕቅድ) ከሞላሽ፣ ደሞ እቤት ያለ አንድ ሰው «በዚህ ሰዓት ካልደወልኩ ለእንትና ደውሉ» ተብሎ ከተነገረው፣ የሚፈልጉሽ መስመርሽ ላይ ነው። ገደል አገር ነው የኛ፣ በሽሎ ሸለቆን በጨለማ መውረድ የሞከረ ሰው ከአደጋው የባሰ ነገር ያገኘዋል።

ሰውን እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። መጻሕፍቱ ስለ ጫካና በረዶ ነው የሚያወሩት፣ ወሎ ውስጥ ግን ቀን ወድቀሽ ሰው ሳይደርስልሽ የሚቆየው በሰዓት እንጂ በቀን አይቆጠርም። ሕፃናት ይመጣሉ፣ ከዛ እናቶች፣ ከዛ ሽማግሌ። ውሃም ጋቢም ይሰጡሻል። ያንቺ ድርሻ ቶሎ እንዲያዩሽ ማድረግና ሲመጡ ማስተባበር ነው፦ ስልክ የሚይዝበት ጉብታ የት ነው፣ የጤና ኬላ የት ነው፣ ቀበሌ ማን ይሮጣል። ከአውሮፕላኑ አርቂያቸው፣ ሲጋራ የያዘ እንዳይጠጋ። አፋር በኩል ቋንቋው ባይገጥምሽም ግመል ጠባቂ ውሃ ያለበትን ያውቃል፣ በእርጋታ ቁጭ ብለሽ እጅሽን አሳዪ፣ ሰላምታ አስቀድሚ። የእረኛ ውሻ ተጠንቀቂ፣ ቢነክስሽ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቢው፣ ትንሽ ናት ብለሽ እንዳትንቂ፣ ሐኪም ቤት ስትደርሺ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ጠይቂ። አንድ ነገር ደሞ የአገራችን ነው፣ ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ሜዳ ላይ የማታውቂው ብረት ካየሽ አትንኪ፣ ሕፃናቱንም አስጠንቅቂ፣ ለእሳት ምድጃም ብለሽ እንዳትቆፍሪ።

ዕቃውን ከሰበሰብሽ በኋላ ለሙከራ አንድ ሌሊት እደሪበት። ከወንድምሽ ወይ ከጓደኛሽ ጋር ደሴ ዳር ጦሳ ላይ፣ ቅርብ ቦታ፣ ቤተሰብ እያወቀ፣ ሰደርያውን ብቻ ይዘሽ። ሲነጋ ያልተጠቀምሽበትን ታውቂዋለሽ፣ የጎደለሽንም ታውቂዋለሽ፣ የኔን ዝርዝር ያኔ በራስሽ ታስተካክይዋለሽ። ከዛ በዓመት ሁለቴ፣ መስከረም ላይና መጋቢት ላይ፣ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግፈሽ እዪ፣ ክኒኑ ጊዜው አልፏል ወይ፣ ጥጡ ደርቋል ወይ፣ የፒኤልቢው ባትሪ እስከመቼ ነው።

አጠገብሽ የሚቀመጠውን ሰው ጠይቀሽኛል፣ እሱ ብዙ ጊዜ ፓይለት አይደለም፣ ካሜራ ወይ መሣሪያ የሚይዝ ባለሙያ ነው፣ ስለ አውሮፕላን የሚያውቀው ከአንቺ የሰማውን ብቻ ነው። ለሱ ሙሉ ኪት አትሥሪ፣ አንድ ፊሽካ፣ አንድ የቆሻሻ ላስቲክ፣ አንድ የቀበቶ መቁረጫ ይበቃዋል። በሩ እንዴት እንደሚከፈት በእጁ እንዲከፍት አድርጊው፣ ፒኤልቢዋ የትኛው ኪስሽ ውስጥ እንዳለችና እንዴት እንደምትበራ አሳዪው፣ ራስሽን ስተሽ ልትገኚ ትችያለሽና። ፊሽካውን ስትሰጪው «እሺ» ብሎ ቦርሳው ውስጥ ሊጥለው ይፈልጋል፣ ሁሉም እንደዛ ነው የሚያደርገው፣ ሞተር ከማስነሳትሽ በፊት ኪሱ ውስጥ ሲከተው በዓይንሽ እዪ።